የደመቀች አንጓ

ከአሸተን ማርያም ግርጌ የምንኖር ሰዎች አጥንታችን ሲወልቅ የምንሄደው ወደ ወጌሻዋ፣ ወደ እትዬ ደመቀች ነበር። የእኔ እጅ የወለቀ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው አንጓዬን በቅቤ እያሹ፣ «እዚህ ውስጥ ስምንት አጥንቶች አሉ፤ ባቄላ ባቄላ ያህላሉ። አንዷ ፈቀቅ ካለች ሌሎቹም አያርፉም» አሉኝ። ይህን ሙያ ያስተማሩት አንድ ልጃቸውን ደርበውን ብቻ ነው።

በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ቅዳሜ ገበያ ላይ አፈሳ መጣና ደርበውን ጭነት መኪና ላይ ጫኑት። እናቱ በመኪናው ጎን እጁን ይዘው አልለቅም አሉ። መኪናው ሲነሳ ድንጋይ ላይ በመዳፋቸው ወደቁ።

ከባላቸው ከአያ ከፋለ ጋር ደግፈን ቤት አስገባናቸው። አንጓቸው አብጧል። በአንድ እጅ ደግሞ የራስን አጥንት መመለስ አይቻልም።

«ከፋለ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ጫን አርጋት። አጥንቷን አገኘሃት?»

«እብጠት ብቻ ነው» አሉ አያ ከፋለ፣ ላብ እያጠመቃቸው።

እኔም ሞከርኩ። በነካኋቸው ቁጥር ጥርሳቸውን ይነክሳሉ እንጂ ለጣቴ የተለየ ነገር አልመጣለትም። ሁለት ወንዶች እንደ ግንድ ተገትረን ቀረን፤ እስካሁን ያናድደኛል።

በመጨረሻ እጃቸውን ከእጃችን ነጠቁና ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ተዉት» አሉ። «ይህን የሚያውቁት እጆች መኪናው ላይ ናቸው።»