ካርቶኑ የጋረደው እግር

ደንበኞቿ «ሚሊሜትር» ይሏታል። ፍሬም ሠሪ ናት። ከአባቷ በወረሰችው አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግ፣ የሰው ዲፕሎማ፣ የሰው ሟች እናት በእንጨትና በመስታወት ስታጥር ኖራለች። እሷ የገጠመችው ማዕዘን ፀጉር አያሳልፍም።

በልጅነቷ ሥዕል የእሷ ነበር። እርሳስ ከያዘች የሣለቻት ድመት ከወረቀቱ ዘላ ልትወጣ ትደርሳለች ይባልላት ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ግን አባቷ ግራ ጎናቸውን አመማቸውና መጋዙ በእሷ እጅ ወደቀ። ሱቁን አንድ ሰው መያዝ ነበረበት፤ የበኩር ልጅ ደግሞ ሳትጠየቅ የተመረጠች ናት። በስድስት ዓመት የምታንሳት እህቷ ትምህርቷን ቀጠለች፤ ኋላም ሥዕል ትምህርት ቤት ገባች። የመጀመሪያውን እርሳስ ያስያዘቻት፣ «መጀመሪያ ክብ አድርጊ፣ ከክቡ ላይ ጆሮ አውጪ» ያለቻት ታላቋ ነበረች። ይህን ማንም አያስታውስም። እሷ ግን አንድም ቀን ረስታው አታውቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ታናሽየዋ እያለከለከች ሱቁ ገባች።

«እትዬ! ጋለሪው ትርኢት ፈቀደልኝ! ለብቻዬ! ሃያ አራት ሥዕል፣ አዳራሹ በሙሉ የኔ!»

«እሰይ» አለች ሚሊሜትር፤ መጋዟን ሳታቆም።

«እንስሳትና ተፈጥሮ ብቻ ነው። ፍሬሙን ካንቺ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም።»

«ታዲያ እኔ እያለሁ ማን ሊነካው ኖሯል?» አለችና ሳቀች። ሳቁ ከጥርሷ አላለፈም።

ሥዕሎቹ በአራት ዙር መጡ፤ ሁሉም ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ መጀመሪያ የምትፈልገው ጉድለቱን ነበር። የፈረሱ የኋላ እግር ባልሆነ አቅጣጫ ታጥፏል፤ ደስ አላት። ጉማሬዋ ከውሃ ስትወጣ ፀሐይዋም በቀኝ፣ ጥላዋም በቀኝ ነው፤ የባሰ ደስ አላት። ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ከሸምበቆ ውስጥ የሚነሡት የረግረግ ወፎች መጡ። ገልብጣ አየቻቸው፣ ርቃ አየቻቸው፣ ቀርባ አየቻቸው። እንከን አጣችባቸው። ያን ቀን እህል ከአፏ አልገባም።

ከሱቁ ጥግ የማይጠፉት እናቷም በቁስሏ ላይ እንጨት ሰደዱ።

«የእናት ሆድ ዥጉርጉር» አሉ ወፎቹን እያዩ። «ለአንዷ እጅ፣ ለአንዷ ዓይን ሰጠልኝ።»

«ዓይንም ነበረኝ፣ እማዬ።»

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

የመጨረሻው ሥዕል የደረሰው ትርኢቱ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ገልጣ ስታየው ክው አለች። ኮላ ነው! ኮላ የልጅነቷ ውሻ ነበር፤ እንደ እንጨት ማጣበቂያው ኮላ ከእሷ አልላቀቅ ስላለ አባቷ ያወጡለት ስም ነው። በሥራ ጠረጴዛው ሥር፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከወረቀቱ የግራ ጠርዝ ሁለት የልጃገረድ ባዶ እግሮች ብቅ ብለዋል፤ የውሻው አፍንጫ አንዱ ተረከዝ ላይ አርፏል።

«ውሻዬንም!» አለች ለብቻዋ። «ውሻዬንም ወሰደችው! ይባስ ብላ ራሷን አጠገቡ አደረገች!»

በሥዕሉና በፍሬሙ መሐል የሚገባውን ነጭ ካርቶን አነሣች። የካርቶኑን መስኮት ስትቆርጥ በግራ በኩል አራት ሳንቲሜትር አጠበበችው። እግሮቹ ካርቶኑ ሥር ገቡ፤ ውሻው አፍንጫውን ባዶ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ብቻውን ቀረ። መስታወቱን አለበሰች፣ ጀርባውን በሚስማር መታች።

በመክፈቻው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። እናቷ በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸው ለገባ ለወጣው ሁሉ «ሠዓሊዋ ልጄ ናት» ይላሉ። የጋለሪው ኃላፊ ሚሊሜትርን ለአንድ ሽማግሌ ሲያስተዋውቃት «ፍሬሙን የሠራችው እሷ ናት» አለ፤ ሽማግሌው እጇን ጨበጡና ወዲያው ወደ ሠዓሊዋ ዞሩ።

ታናሽየዋ ከአንዱ ሥዕል ወደ አንዱ እየዞረች እንግዶቿን ሰላም ስትል ቆይታ ኮላ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። የግራውን ጠርዝ ቀርባ አየችው። ከዚያ መጥታ የእህቷን ክንድ ያዘችና ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«እትዬ፣ እግርሽ የት ሄደ?»

«የምን እግር?»

«ያንቺ እግር ነዋ! ኮላ በኔ እግር ሥር ተኝቶ ያውቃል? አንቺ ስትስዪ እኔ መሬት ቁጭ ብዬ የማየው እሱንና እግርሽን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለውማ አይታየኝም ነበር።»

«ልኬቱን ተሳስቼ ይሆናል» አለች ሚሊሜትር።

«አንቺ? ልኬት?»

ሌላ ውሸት ፈልጋ አጣች። «ሆን ብዬ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ያንቺ እግር መስሎኝ። ከውሻዬ አጠገብ ላይሽ አልፈለግኩም።»

የታናሽየዋ ዓይን እንባ አቀረረ። «ከቀኑ ሁሉ ዛሬን መረጥሽ? ይህን ያህል ከከፋሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ታናሽየዋ ሥዕሉን ራሷ ከግድግዳው አወረደችና እህቷ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችው። «አስተካክይው።»

በጋለሪው ዕቃ ቤት፣ የተደፋ ሣጥን ላይ፣ ሚሊሜትር ጀርባውን ከፍታ ከኃላፊው በተዋሰችው ምላጭ ካርቶኑን ቆረጠች። እግሮቹ ወጡ። የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት ጠማማ ናት፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ጣውላ የወደቀባት የራሷ ጣት። ሱቅ ውስጥ ያን ያህል ስታገላብጠው ይህን አላየችም ነበር። አለቀሰች ብል እዋሻለሁ። መጀመሪያ ያሰበችው ጣቷ እንዴት ተመስላ እንደተሣለች ነው፤ ያም አናደዳት። ሥዕሉን መልሳ ሰቅላ፣ ሰው ከፊቱ ሲሰበሰብ አይታ፣ ለማንም ሳትናገር ወጣች።

እህትማማቾቹ ለአንድ ወር አልተነጋገሩም። ትርኢቱ ሲያልቅ ታናሽየዋ ሥዕሉን ይዛ ሱቁ መጣች።

«ውሰጂው። ያንቺ ነው።»

«ቤቴ ሰቅዬ ጠዋት ማታ ልቅናልሽ? በጭራሽ!»

ተያዩና ሳቁ፤ ሚሊሜትር ሳቋን መግታት አቅቷት ወንበር ፈለገች። ሥዕሉን ኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ለክሊኒኩ ገዝቶ ወሰደው። የሰቀለችው ራሷ ሚሊሜትር ናት። ከመሰላሉ ስትወርድ፣ ድመቷን ታቅፋ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ቀና ብላ አየችው።

«ሲያምር! ማን ነው የሣለው?»

«እህቴ» አለች፤ ቃሉ እንደሚነቀል ጥርስ ወጣ።

«ታድለሽ!»

እስከ ቤቷ ድረስ ይህች ቃል ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ቆረቆረቻት።