የቤሌው ብሬከር

ሶዶ ባቡር የላትም፤ አባቴ ግን አለው። ኦቶና ሆስፒታል ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የቤቱን ጄኔሬተር ለዓመታት ላበጀለት ወዳጁ፣ ለአባቴ፣ ትቶለት የሄደ የመጫወቻ ባቡር ነው። መጫወቻ ማለቴን አባቴ ቢሰማ አይወድልኝም። ዕድሜውን ሙሉ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስተማረ ሰው ነው። እኩዮቹ ጡረታ ሲወጡ በግ አደለቡ፣ እሱ ሐዲድ ዘረጋ።

ጠረጴዛው ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። መሀሉ ላይ ከማዳበሪያ ከረጢትና ከጀሶ የተሠራ የዳሞታ ተራራ አለ፤ ከሥሩ ሶዶ። በአንድ ወገን ዲምቱ ነው፤ በሌላው ወገን፣ እናቴ ከምትተኛበት ክፍል ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ሥር፣ ቤሌ። ቤሌ የተወለደችው ጎረቤታችን ባየችው ቁጥር፣ «የእኛ አገር አውቶቡስ እንኳ በወጉ አይገባም፣ እርስዎ ባቡር አስገቡልን» እያለች ትስቅበታለች።

ባቡሩ ዲጂታል የሚሉት ዓይነት ነው። ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለ፤ ሂድ፣ ቁም የሚለው ትእዛዝም ለባቡሩ የሚደርሰው በዚያው በሐዲዱ በኩል ነው። ስለዚህ አንዲት ጎማ ስታ ሁለቱን ሐዲዶች ካገናኘች፣ ከተማው ኮንታክት የሚለው ነገር ይፈጠርና ያለው ባቡር ሁሉ ባለበት ይደርቃል። መድኃኒቱ መስመሩን መከፋፈል ነው። አባቴ መስመሩን ሦስት ቦታ ቆርጦ ለእያንዳንዱ ክፍል ኮንታክት ሲፈጠር ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ የራሱን ብሬከርና ሲቆርጥ የምትበራ የራሱን ትንሽ ቀይ መብራት ሰጠው፤ ክፍሎቹንም ቀበሌ አላቸው። ሶዶ ቀበሌ፣ ዲምቱ ቀበሌ፣ ቤሌ ቀበሌ። «የአንዱ ቀበሌ ጠብ ሌላውን ማጨለም የለበትም» ይል ነበር። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት የአንድ ብር ሳንቲም ከኪሱ አውጥቶ በየቀበሌው ሐዲድ ላይ ያጋድማል። ብሬከሩ ቀጭ ብሎ ካልቆረጠ ያን ቀን ባቡር የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለእሱ ተረት አልነበረም፣ ሥራ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤት ይሰበሰባል። ክረምቱ ሊገባ ሲል በአንዱ እሑድ፣ ባቡሩ ቤሌ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ አለ። የቤሌ ቀይ መብራት በራች። ድሮ ቢሆን አባቴ በወላይትኛ እያጉረመረመ ተነሥቶ የሳተችውን ጎማ ሰው ሳያያት ያነሣት ነበር። ያን ቀን ግን እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«መብራት ሄዷል» አለ። «ትንሽ እንጠብቅ።»

የክፍሉ አምፖል ከራሱ በላይ ቦግ ብሎ እየበራ ነበር።

ሶዶ ውስጥ መብራት ሄደ ከተባለ የሚከራከር ሰው የለም። ሁላችንም እንደ ልማዳችን ወሬያችንን ይዘን ተቀመጥን። ብሬከሩ ደግሞ ከቆረጠ በኋላ ጥፋቱ ተነሥቶ እንደሆነ ለማየት ከአፍታ በኋላ ራሱ መልሶ ይሞክራል። ባቡሩ ነቅነቅ ሲል እንግዶቹ «መጣ!» ብለው አጨበጨቡ። መልሶ ቆረጠ። «ኤጭ፣ ሄደ!» አሉ። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፣ ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። አባቴ የቀለደ መስሎኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው ግን አልቀለደም። እንደ ማንኛውም የከተማው ሰው መብራት እስኪመጣ በትዕግሥት ይጠብቅ ነበር። በጣም ፈራሁ። ተነሥቼ ጎማዋን ራሴ አስተካከልኳት።

«ይኸው መጣ» አለ አባቴ፣ ደስ ብሎት።

እናቴ እግሯን ከያዛት ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ አትወርድም። ቤታችን የጭቃ ነው፤ ግድግዳው እንጨትና ጭድ፣ ኮርኒሱ ጨርቅ። ከዚያ እሑድ በኋላ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የማስበው እሳት ቢነሣ የሚሆነውን ብቻ ሆነ። ያየሁትን ለእናቴ ነገርኳትና ክፍሉን ልቆልፈው ነው አልኳት።

«ተይው» አለችኝ። «ባቡሩን ከወሰድሽበት ምን ይቀረዋል?»

«አንቺስ?»

«እኔ ድምፁን ስሰማ ነው እሱ ደኅና መሆኑን የማውቀው።»

ተውኩት። አባቴ ግን ቀን በቀን ከቤሌ ጋር ይጣላ ጀመር። ብሬከሩ ይቆርጣል፤ እሱም ይቀመጥና መብራት ይጠብቃል። አንዳንዴ ግድግዳውን አንኳኩቶ እናቴን «እናንተ ጋ አለ?» ይላታል። እሷም «አለ» ትለዋለች።

ሰነባብቶ የቤሌ ቀይ መብራት ከነጭራሹ የማትበራ ሆነች። ባቡሩ ያለ እንከን ይዞራል።

«አሁን አይጠፋም» አለኝ አባቴ፣ እየሳቀ።

እኔን ግን ደስ አላለኝም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ እሱ ጓሮ ሳለ ሳንቲም ይዤ ገባሁ። ሶዶ ላይ አጋደምኩት፣ ቀጭ አለ። ዲምቱ ላይ፣ ቀጭ። ቤሌ ላይ አጋደምኩት። ምንም ድምፅ የለም። ጠበቅሁ። ሳንቲሙን ላነሣው ስል ጣቴን ለበለበኝ፤ ወዲያው ከጠረጴዛው ሥር የሚቃጠል የላስቲክ ሽታ ወጣ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች እናቴ ከግድግዳው ማዶ።

ሶኬቱን ነቀልኩ። የእጅ ባትሪ ይዤ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ወደ ቤሌ የሚሄደው ሽቦ ረጅምና ቀጭን ነው፤ የራሱ ብሬከር ካልጠበቀው ኤሌክትሪኩን የሚልከው ዋናው ማሽን ጥፋቱን ሳያውቅ ሽቦው እየጋለ ይቀጥላል። ልባሱ ቀልጦ የእናቴን ግድግዳ አጥቁሮታል። የብሬከሩ ሁለት ጫፎች ደግሞ በወፍራም መዳብ ተገናኝተው ታስረዋል። ፊውዝ አልበረክት ሲል በሽቦ ማሰር የአገሩ ሁሉ ዘዴ ነው፤ ሱቁም ወፍጮ ቤቱም ያደርገዋል። አባቴ ከዚህ ዘዴ ጋር ሲታገል ነው ያረጀው። መዳቡ ግን የተጠመዘዘው እኩል እኩል፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ተቀልሶ ነበር። እንደዚያ የሚያስር ሌላ ሰው አላውቅም።

ከጠረጴዛው ሥር ስወጣ አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። የእጅ ባትሪውን አበራሁለት። ጎንበስ ብሎ አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አየ።

«ማነው ይህን ያሰረው?»

ብርሃኑን ወደ ጠቆረው ግድግዳ አዞርኩት።

«ማነው እኮ! ሰው ሊገድል ነው እንዴ? ከዚህ ማዶ ሰው ተኝቷል!»

አንተ ነህ ብለው ያምነኛል። ያንን ነው የፈራሁት።

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ከተማሪዎቹ አንዱ ነው» አለ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እዚህ ቤት አንድም ተማሪ አልገባም። «በሩን ቆልፊው። ያሰረው ሰው እስኪታወቅ ማንም እንዳይገባ።»

«አንተም?»

«እኔም። ሕግ ለሁሉም ነው።»

ቆለፍኩት። 

እሑድ ጎረቤቶቹ ሲመጡ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ዛሬ ባቡር የለም እያለ መለሳቸው። ከሄዱ በኋላ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያ ልጅ ተገኘ?»

«ገና ነው፣ አባባ።»

«ሲገኝ ክፉ እንዳትናገሪው» አለኝ። «ተንኮል አይደለም። መጥፋቱ ሲደጋገምበት ጨንቆት ነው።»