የፒያኖው ጀርባ

አያ አዛናው ወረታ ውስጥ ከደብረ ታቦር መገንጠያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው ሠፈር አርባ ዓመት ሙሉ ማረሻና ማጭድ የቀጠቀጡ ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ብረት ሲደበደብበት የኖረ ጆሮ እንዴት እንደሚሆን መቼም ይገባችኋል። እሳቸው ግን «ሰው ሁሉ ማንሾካሾክ አመጣ እንጂ እኔ ደኅና ነኝ» ባይ ናቸው። ማጭድ ስንጥቅ እንዳለው የሚለዩት እንኳ በጥርሳቸው ነው። እጀታው የሚሰካበትን ጫፍ ነክሰው ስለቱን በትንሽ መዶሻ ጠቅ ያደርጉታል። ደኅናው ብረት ጭንቅላታቸው ውስጥ ረዘም አድርጎ ያዜማል፤ የተሰነጠቀው ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ የፎገራ ገበሬ ማጭድ ሲገዛ ከዋጋው በፊት «አያ ነክሰውታል?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔ የኔሰው እባላለሁ፤ የትምህርት ቤቱ ንብረት ጠባቂ ነኝ። ይህን የማወራው ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው። ቆይቼ እደርስበታለሁ፤ አታጣድፉኝ።

ባሕር ዳር ያለውን ቢሮውን የዘጋ አንድ ድርጅት ፒያኖ ሰጠን። ስምንት ሰው እየተሳደበ ከአይሱዙ አወረደው። የሙዚቃ መምህርታችን ዕንቁ የነካችው ዕለት ግቢው ሁሉ ቆሞ አዳመጠ። ክረምቱ አልፎ በጥቅምት ስትነካው ግን ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ሰው አጉረመረመ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ደሞዝ የወላጆች በዓል እስከሚከበርበት ቅዳሜ ካልተሻለው እንጨቱ የመጻሕፍት መደርደሪያ እንደሚሆን ቁርጡን ተናገሩ። ዕንቁ አለቀሰች።

የበር ማጠፊያ ሊሠሩልን የመጡት አያ አዛናው ንግግሩን አልሰሙም፤ እንባዋን ግን አዩ። ምን እንደሆነች ጮኸን ነገርናቸው። «ካላናገርሁትማ ዳግመኛ መዶሻ አልጨብጥም!» ብለው በሰው ፊት ማሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በማግሥቱ ወሬው ገበያ ደርሶ ነበር።

የፒያኖውን ክዳን ሲከፍቱ ሰማንያ ስምንት ትንንሽ መዶሻዎች ተደርድረው አዩና ዘመድ ያገኙ ያህል ሳቁ። ቀጥለው ፊታቸው ተኮሳተረ።

«መዶሻ ሱፍ ለብሶ! ምነው፣ በርዶት ነው?»

ከአንዱ ላይ ሱፉን ገፈፉና ዕንቁን በባዶ እንጨቱ አስመቷት። ሽቦው እንደ ጣሳ ጮኸ። እሷ ጆሮዋን ስትይዝ እሳቸው ፈገግ ብለው «ተሻለው?» አሉ።

«አያ፣ ደረቅ መዶሻ ቀጫጭኑን ድምፅ ነው የሚያበዛው!» አለች እየጮኸች። «ሱፉ ነው ድምፁን የሚያለሰልሰው። መትቶም ወዲያው መመለስ አለበት፤ ሽቦው ላይ ከተኛ ያፍነዋል!»

«ይኸንንማ አውቃለሁ። መዶሻውን ብረት ላይ የሚያስተኛ ቀጥቃጭ ሰነፍ ነው» አሉና ሱፉን መልሰው ለጠፉት። ሌላ ሦስት ቀን ሽቦ ሲያጠብቁ፣ መዶሻ ሲያቃኑ ከረሙ። ምንም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቀጭን የወይራ እንጨት ነክሰው ጫፉን ሽቦዎቹ በተወጠሩበት ብረት ላይ አስደገፉ። «ምቺ!» አሏት። መታች፤ ድምፁ በጥርሳቸው ስለገባ «አዎ» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጫፉን ከሽቦዎቹ ኋላ ወዳለው ሰፊ ሳንቃ አዛወሩት።

«ምቺ!»

«መታሁ እኮ!»

«አልመታሽም።»

«ኧረ መታሁ፣ አያ!»

እንጨቱን ከአፋቸው አወጡ። «እንግዲያስ የታመመው ሳንቃው ነው። ሽቦ ቀጭን ነው፤ ነፋሱን እንደ መርፌ ይበሳዋል እንጂ አይገፋውም። ሰፊ ነገር ካላነቃነቀ ማን ይሰማዋል? ቆዳው የተገፈፈ ማሲንቆ ምን ይላል? ይኸን ሳንቃ አንድ ነገር ከኋላ ይዞታል።»

 በሐምሌ ሜዳው ውኃ ሲተኛበትና ቤቱ ሁሉ ሲሻግት እርጥበት እንዳይነካው ብዬ ከሩዝ መፈልፈያው ገለባ በማዳበሪያ አምጥቼ ከፒያኖው ጀርባ ጠቅጥቄ፣ በላዩ ጣውላ የመታሁበት እኔ ነኝ። አቶ ደሞዝ ስብሰባ ላይ አመስግነውኛል፤ ተጨብጭቦልኛል። ዝም ብል ማንም ከገለባው ጋር አያያይዘውም። ግን ሰውዬው በነጋታው መዶሻቸውን ሊጥሉ ነው፤ አፈርሁ።

«አያ፣ እኔ ነኝ» አልሁ በቀስታ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ!»

«ምን አልህ?»

በሦስተኛው ስጮህ አቶ ደሞዝ ከቢሯቸው ወጡ። ደንቆሮ ፊት ኃጢአት መናዘዝ እንዲህ ነው።

አምስት ማዳበሪያ ገለባ አወጣን። ዕንቁ አንዱን ቁልፍ ስትነካ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ቅዳሜ ወላጆች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ዕንቁ አዙረው ተቀመጡ። አያ አዛናውን ጠርቼ ላስጨበጭብላቸው ስፈልጋቸው ከፒያኖው ጀርባ አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚሳለም ሰው ግንባራቸውን ሳንቃው ላይ አሳርፈዋል። እንባቸው ይወርዳል። እንደ ልማዴ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ «አያ፣ እንዴት ነው?» አልኋቸው።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ በእጃቸው ገፋ አደረጉኝ።

«አትጩህ፣ አንተ ሰው! እየሰማሁ ነው።»