በር የማይዘጋ ሙዚቃ

ታናሽ ወንድሜን አገር ያወቀው በአንድ ዘፈን ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ያንን ዘፈን ሳይሰማ መድረስ አይችልም ነበር። እኔ አልወደድኩትም። የአማርኛ ዘፋኝ ከዓይን ጀምሮ ወደ ጥርስ፣ ከጥርስ ወደ አንገት ከመውረድ ሌላ መንገድ የማያውቅ ይመስል ነበር፤ ይህንኑ በአንድ መጽሔት ላይ ጽፌ ቤተሰቡ አኮረፈኝ። ኋላ መዝፈኑን ትቶ አዲስ አበባ ውስጥ ሀውስ የሚባለውን የፈረንጅ የጭፈራ ሙዚቃ የሚያጫውት ዲጄ ሲሆን ጓደኞቹ “አሁን አደገ” ብለው አጨበጨቡለት። ያን ጊዜ ለዘፈኑ ጠበቃ ሆኜ የቆምኩት እኔ ነኝ። ቃል የሌለው ሙዚቃ ሰው ሲያሳድግ አላየሁም አልኩት።

“ቃሉን ለአንተ ትቼልሃለሁ፣ ወንድምጋሼ” አለኝ።

ምክንያቱን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ ቀድሞት ይዘፍነዋል፤ እሱ ማይኩን ዘርግቶ ይቆማል፣ ልክ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶግራፍ። ዲጄ ሲሆን ግን ማንም አያየውም፤ ሰው እርስ በርሱ ነው የሚተያየው። ከእንግዲህ ያንን ዘፈን ላይዘፍን ምሎ ነበር።

መሐላው የተፈተነው በእኅታችን ሰርግ ነው። ዓመታት ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ ደብረ ታቦር ላይ ሱቅ ከፍታ፣ በሐሙሲት መስመር ሚኒባስ ለሚነዳ የእብናት ገበሬ ልጅ ታጨች። ከእኛ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ በሩ በደንብ ይያዝልኝ አለች።

በእኛ አገር ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሙሽራዋ ወገን በሩን ይይዛል። የሚይዘውም በዘፈን ነው። ሴቶቹ አናሳልፍም እያሉ ሙሽራውን በግጥም ይሰድቡታል፤ ሚዜዎቹ ይለማመጣሉ፣ ይገፋሉ፣ ይመለሳሉ። ልጅቱ ለቤቷ ምን ያህል ውድ እንደሆነች የሚታወቀው ሰርገኛው ደጅ ላይ በቆየው ልክ ነው።

ወንድሜ እንደማይዘፍን፣ መሣሪያውን ግን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ተናግሯል። አክስቶቼ ስፒከሮቹን ሲያዩ ልባቸው ሞላ። ያን የሚያህል ድምፅ ካለ በሩን እሱ ይይዘዋል ብለው ከበሮም አላስመጡ፣ ልጃገረዶቹንም አላለማመዱ። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት እኔም ምንም አልታየኝ።

ረፋዱ ላይ የሰርገኛው መኪኖች ጥሩምባ ሲሰማ ወንድሜ ሙዚቃውን ለቀቀው። የዳሱ ሸራ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ ደጅ ላይ ቆመው አፋቸውን ቢከፍቱ የሚሰማቸው ጠፋ። ሚዜዎቹ ግራ ገባቸው፤ የሚመልሱለት ስድብ የለም። ከዚያ አንደኛው ትከሻውን መነቅነቅ ጀመረ። ሌሎቹ ተከተሉት። ሴቶቹንም እያስጨፈሩ ገቡና ተቀመጡ። አንድ ዘፈን እንኳ ሳያልቅ ነው፤ የሀውስ ዘፈን መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ካለ።

ታላቋ አክስታችን ወደ ወንድሜ ጆሮ ተጠግታ፣ “ልጅቱን በጭፈራ አስረከብካት” አለችው። “ወይፈን እንኳ ሲሸጥ ከዚህ የበለጠ ይከራከሩበታል።”

ወደ ጓዳ ገባሁ። እኅቴ ቬሎዋን እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

“ወጥተው እንደ ሰው ካልገቡ አልወጣም” አለች። “ዐረብ አገር ስኖር በሩን የሚቆልፉት በእኔ ላይ ነበር። አንድ ቀን ስለ እኔ ተብሎ ይዘጋ ነው ያልኩት።”

ወንድሜን ድምፁን አስቀንሼ መልእክቱን ለሙሽራው አባት አደረስኩ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ የገባ እንግዳ ውጣ ሲባል የት አገር እንዳየሁ ጠየቁኝ። እርስዎን አይደለም፣ ሙሽራውንና ሚዜዎቹን ብቻ ነው አልኳቸው።

“ልጄ ከወጣ እኔም ወጣሁ። እኔ ከወጣሁ ደግሞ የምቆመው እብናት ነው።” ከዚያ ወደ ወንድሜ በአገጫቸው አመለከቱ። “ያ ዘፋኛችሁ ያችን ዘፈኑን ይበለንና ያኔ እንነጋገር።”

ዳሱ ይህን ሰማ። የሁሉም ዓይን ወደ መሣሪያው ዞረ፤ አንዳንዱም ዘፈኑን በጉሮሮው ማንጎራጎር ጀመረ። ወንድሜ አጠገብ ሄጄ አንድ ጊዜ ብትዘፍን ምን ይጎድልሃል አልኩት።

“ያንን ከዘፈንኩ ሰርጉ የእኔ ይሆናል” አለ። “ከዚያ ወዲያ የእሷን በር ማን ያስታውሰዋል?”

ፊቴን ወደ ጓዳው በር መለስኩ።

ያን ጊዜ ሙሽራው ተነሣ። ወደ አባቱ ጆሮ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረና በመጣበት ተመልሶ ወጣ። ሚዜዎቹ ተያዩ፤ ተከተሉት። አባትየው ፊታቸውን አጥቁረው ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ ግን እብናትም አልሄዱም።

ወንድሜ መሣሪያውን አጠፋ። አክስታችን አንድ ጀሪካን ገልብጣ እየደለቀች፣ በሻከረ ድምፅ ሙሽራውን መስደብ ጀመረች፤ ሚኒባሱ እንደሚያንኮራፋ፣ ከሐሙሲት ገበያ ዶሮ ጭኖ ሰው ረስቶ እንደሚመጣ። ሴቶቹ ተቀበሏት። ወንድሜ ማይኩን ሳይነካ በአጠገቤ አልፎ ከኋላቸው ቆመና እያጨበጨበ አብሮ ይቀበል ገባ። ድምፁን ለይቼ ለመስማት ጆሮዬን አቆምኩ። አልቻልኩም። ሚዜዎቹ ሲገፉ፣ ሲመለሱ፣ ሲለማመጡ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣበቀ፤ ፀሐይዋ ከዳሱ ፊት ለፊት ወደ ጎኑ እስክትዞር ድረስ በሩ አልተከፈተም። ከዚያ እኅቴ ወጣች።

ምሳ ላይ አባትየው ዘፈኑን ደግመው ጠየቁ። ወንድሜ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና ይቅርታ ያድርጉልኝ አላቸው። ሲሰናበቱ ሁላችንንም በየተራ ስመው እሱን ዘለሉት። እኅቴ ከመኪናው መስኮት ይህንን አየች። ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች፣ እሱን ብቻ ስማ ተመልሳ ገባች።