ማሽኑ የገባ ሳምንት

ጅቡቲ በኖርኩባቸው ስድስት ዓመታት የዜና ተንታኝ ነበርኩ። የሚከፈለኝ ግን ልብስ በማጠብና ወለል በመወልወል ነበር።

የምኖረው ጋቦዴ በሚባል ሰፈር በሚገኝ ቤት፣ ወጥ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። አባወራው ከጉምሩክ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከቀትር በኋላ፣ ጫቱ ከእኛ አገር ደርሶ ከተማው ጸጥ ሲል፣ ሦስት አራት ጓደኞቻቸው ይመጡና መብራዝ በሚሉት ክፍል፣ ምንጣፍና መከዳ በተደረደረበት መቃሚያ፣ ይቀመጣሉ። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ እንደበራ ይውላል። እኔ የቀዘቀዘ ውሃና በፔርሙዝ ሻይ አመላልሳለሁ። ሶማሊኛ እሰማለሁ፤ ፈረንሳይኛውንም ከስድቡ ጀምሬ ግማሽ በግማሽ ለምጄዋለሁ።

ምርቃናው ሲጀማምር ለእነዚያ ሰዎች የማይገባቸው ነገር አልነበረም። ዶላር ለምን እንደተወደደ፣ መርከቦቹ ቀይ ባሕርን ፈርተው ለምን አፍሪካን እንደሚዞሩ፣ የእኛ ብር መውረዱን የት ሲደርስ እንደሚያቆም፣ ዱቄትና ዘይት በሚመጣው ወር ምን እንደሚሆኑ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል። ከሁሉም አፈኛው ወደብ ላይ የኢትዮጵያን ዕቃ የሚያስለቅቅ አንድ ትራንዚተር ነበር። እሱ ሲናገር ሌሎቹ ቅጠሉን በእጃቸው እንደያዙ ይሰማሉ። አንዳንዴ ወደ እኔ ዞር ይልና፣ የባሕር በር እንፈልጋለን ትላላችሁ አሉ፣ አንቺ ቀድመሽ ቦታ ልትይዢላቸው ነው የመጣሽው ይለኛል። ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ወጥ ቤት ስገባ ግን በሩን ከኋላዬ እዘጋለሁ። ሁለት አገር ሲኮራረፍ መጀመሪያ የሚባረረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም።

የምሰማውን ሁሉ ይዤ ዓርብ ጠዋት እወጣለሁ። ዓርብ ጠዋት የሰው ቤት የምንሠራ ሐበሾች የእረፍት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ሳይከር ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ጥላ ፈልገን እንቀመጣለን። እዚያ እያንዳንዷ የየቤቷን ታወራለች። የወጉ መሪ በዕድሜም በአገልግሎትም የምትበልጠን፣ የፈረንጅ ወታደር ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች፤ እትዬ እንላታለን። እትዬ ዜና የማትሰማ ሴት ነች። ጌቶቻችን ያሉትን ልንነግራት ስንጀምር በእጇ ትከለክለናለች። "ያሉትን ተዪው። ምን ገዙ?" ትላለች።

ይኼ የእኛ የዓርብ ሴቶች ሙያ ነበር። ሩዝ በጆንያ ያስገባ ነጋዴ ቤት ካለ ዋጋ ሊንር ነው። አንዲት ልጅ የመናዊ ጌቶቿ ሁለት የውሃ በርሜል እንዳስገቡ በነገረችን በሳምንቱ ሰፈሩ ውሃ ጠፋበት። እትዬ የምትሠራላቸው ፈረንጆች ምንጣፋቸውን ለጎረቤት ለመሸጥ የተስማሙ ጊዜ፣ ሌላ አገር ሊዛወሩ ነው አለች፤ እንዳለችውም ሄዱ፣ ለተተኪዎቹም እሷን አወረሷት። ስንቱን ነገር ሰዎቹ ራሳቸው ሳይነግሩን ከዘንቢላቸው አውቀነዋል።

እኔ ግን ትዕቢት ያዘኝ። የእነሱ ቤት የሚናገር ሰው የለበትም፤ የእኔ ቤት ግን ሞልቷል። በምን ገዙ ፈንታ ምን አሉ የሚለውን ይዤ መጣሁ፣ የትራንዚተሩን ቃል ከነአነጋገሩ። ሴቶቹ ሬዲዮናችን ይሉኝ ጀመር። ከሁሉም የምትኮራብኝ ታናሽ እህቴ ነበረች። ወደዚህ አገር ያመጣኋት እኔው ነኝ። ተመላላሽ ሠራተኛ ሆና ካርቲዬ ዱ በሚባለው የመሀል ከተማ ሰፈር ከሌሎች ልጆች ጋር ተከራይታ ትኖራለች። እኔ ሳወራ እሷ የሌሎቹን ፊት ታያለች፣ እየሰሙኝ መሆኑን ለማረጋገጥ።

ከዚያ ያ የመንግሥት መግለጫ መጣ። ትሪውን ይዤ ስገባ አባወራው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርገውት ነበር፤ እሱን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ወረቀት የሌላቸው የውጭ ሰዎች ከተባለው ቀን በፊት በፈቃዳቸው ይውጡ፣ ከዚያ በኋላ ይፈለጋሉ፣ ያስጠለላቸውም ይጠየቃል ይላል። ውሃው ከብርጭቆው አልፎ ትሪው ላይ እየፈሰሰ እቀዳለሁ። አባወራው አይተውኝ፣ አንቺ የቤታችን ልጅ ነሽ፣ ማን ይነካሻል አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሲሉትም ከልባቸው ነበር። ሚስታቸው ማዳም በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷ የምታየው ቴሌቪዥኑን ነበር።

ከዚያ ትንታኔው ተጀመረ። ዳቦ ሲወደድ፣ ሥራ የፈታ ወጣት ሲበዛ፣ ጣት የሚቀሰርበት ሰው ያስፈልጋል አለ አንደኛው። ከኢትዮጵያ ጋር ያለው የወደብ ጉዳይ ነው አለ ሌላው። እኔ የቆምኩት ፖሊሶቹ የት የት እንደሚሄዱ ለመስማት ነበር። ትራንዚተሩ ተናገረልኝ። የሚፈልጉት ለዓይን የሚታየውን ነው፣ መሀል ከተማውን፤ ካርቲዬዎቹን አንድ በአንድ ይፈትሻሉ፣ ከከተማው ዳር ሃያብለ ድረስ ግን ማን ይወጣል፣ በዚያ በቆርቆሮ ቤት መሀል መኪና በየት ይገባል አለ። ሁሉም ተስማሙ። ልቤ ትንሽ መለስ አለ። እህቴን የት እንደማደርጋት አወቅሁ።

በዚያው ሳምንት ማዳም ልብስ ማጠቢያ ማሽን አስገባች። ሁለት ሰዎች ተሸክመው ወጥ ቤቱ ጥግ ሲያስቀምጡት እጄን አየሁት። ስድስት ዓመት በሳሙናና በጨዋማ ውሃ የተላጠ እጅ ነው። ማዳም እንዳትደክሚ ብዬ ነው አለችኝ። እሷ ስልክ ይዛ ስለነበር የሱቁ ሰው ቁልፎቹን ያሳየው ለእኔ ነበር፤ የቱ ለነጭ ልብስ፣ የቱ ለከባድ፣ የቱ ለመጭመቂያ እንደሆነ። በደስታ እንባዬ መጣ። መርቄያታለሁ። በእናትና በአባቷ፣ በልጆቿ፣ በምወደው ታቦት ሁሉ መርቄያታለሁ። አሁን ሳስታውሰው ያቃጥለኛል።

ዓርብ ከአጥሩ ሥር የተገኘነው ከግማሽ በታች ነበርን። የቀሩት በየቤታቸው ተደብቀዋል ወይ ደግሞ ሄደዋል። በመንገዱ መኪና ባለፈ ቁጥር ወሬያችን ይቋረጣል። ሰዎቹን ላረጋጋ ብዬ የማሽኑን ነገር አነሳሁ። እኛም ቤት ገባ አለች አንዷ። ሦስተኛዋ ደግሞ የእሷ ማዳም ሱቁ ውስጥ አልቆ አዝዛ እየጠበቀች እንደሆነ ተናገረች። አለፈልን ተባብለን ሳቅን፤ በዚያ ጠዋት የሳቅነው ያኔ ብቻ ነበር። እትዬ አልሳቀችም። መቼ ነው የገዛችው ብላ ጠየቀችኝ። ከመግለጫው በኋላ ነው አልኳት። እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

እህቴ አጠገቤ ነበረች። ጓደኞቿ ከካርቲዬ ዱ ለመውጣት ጓዛቸውን እያሰሩ መሆኑን፣ ግን ወዴት እንደሚሄዱ እንደማያውቁ ነገረችኝ። አፌን ሞልቼ ሃያብለ አልኳት። እትዬ ወደ እኔ ዞረች።

"ሃያብለ ያሉት ሰዎችስ ምን እያደረጉ ነው? አይተሻል?"

አላየሁም። የጉምሩክ ሰው ቤት የተባለውን ነግሬሻለሁ፣ ከዚያ በላይ ማን ያውቃል ብዬ መለስኩላት፣ ትንሽም ቆጣ ብዬ። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ አላየኋትም። በፈቃዷ ወደ አገሯ እንደገባች በኋላ ሰማሁ።

በማግስቱ ከማዳም ሁለት ሰዓት ፈቃድ ለምኜ እህቴን ይዤ በሚኒባስ ወጣሁ። ክፍል እንቸገራለን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ወዲያው አገኘን። አከራይዋ አራት ክፍል አሳይታ ምረጡ አለችን። ዕድል መሰለኝ። በሚከራይ ቤት ሰው በሚጋፋበት ከተማ አራት ክፍል ባዶ የሚሆነው ለምንድን ነው ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። በዓርብ ሴቶች ሙያ ማንኛዋም ልጅ የምታነበው ነገር ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ቀድሞ ሸሽቷል። እህቴ እንኳን ተሰምቷት ነበር። ወለሉ ላይ የተጣለ አንድ የሴት ነጠላ ጫማ አንስታ እያገላበጠች፣ "እዚህ እኮ ሰው የለም" አለችኝ።

"ለዚህ አይደል ያመጣሁሽ" አልኳት።

በሩ የሚዘጋው በሽቦ ነበር። ሽቦውን እንዴት ከውስጥ እንደምትጠመዝዘው አሳይቻት ወረድኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደወልኩላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ረፋዱ ላይ ደወልኩ። ቀትር ላይ ደወልኩ። ሙቀቱ ቆርቆሮ የሚያቀልጥ ቢሆንም እኔ ይበርደኝ ነበር። ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ስወጣ የጋቦዴ እስር ቤት አጥር ከሩቅ ይታያል። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያየሁት አጥር ነው፤ የዚያን ቀን ግን ዓይኔን ከእሱ ማንሳት አቃተኝ። እዚያ ውስጥ ትሆን እያልኩ አንዱን ልብስ ሦስቴ አሰጣሁት።

እንግዶቹ እስኪመጡ እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም። ሻዩን ይዤ ገባሁና፣ ስድስት ዓመት አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፤ ሳልጠየቅ ተናገርኩ። ሃያብለ የሆነ ነገር ሰምታችኋል ወይ አልኩ። ትራንዚተሩ ጉንጩ ሞልቶ ስለነበር ቀስ ብሎ ውሃ ተጎነጨ።

"አዎ፣ ሊነጋጋ ሲል ገብተዋል። ከዚያ እንደሚጀምሩ ነግሬያችሁ አልነበር?"

አባወራው ራሳቸውን ነቀነቁ። ብለሃል አሉት። ሌሎቹም አስታወሱ። ሰውየው መንገድ የለም ብሎ የተናገረውን ረስቶታል፤ የሰሙትም ረስተውታል። ለእነሱ ምርቃናው ሲበርድ አብሮ የሚበርድ ጨዋታ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ያንን ቃል አምኖ ሰው ያንቀሳቀሰ እኔ ብቻ ነበርኩ። ፔርሙዙን ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ሁለት ቀን ምንም አልሰማሁም። በር ሲንኳኳ ክፍሌ ገብቼ እቆማለሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ማሽኑን ከፍቼ ልብስ ስከት ማዳም መጣች። አጠገቤ ቆማ ጥቂት አየች።

"እስቲ አሳዪኝ፣ እንዴት ነው የሚነሳው?"

ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺ ሴት ሳሙናው የት እንደሚቀመጥ ጠይቃኝ አታውቅም። የእትዬ እጅ እጄን ያዝ አድርጎ ሲለቀው ትዝ አለኝ። ያን ቀን አውቃለች። እንዲያ ተሰባስበን የሳቅነው በራሳችን መባረር ነበር።

አሳየኋት። ይኼ ለነጭ፣ ይኼ ለከባድ፣ ይኼ መጭመቂያ። እንደ ተማሪ ከኋላዬ ትደግመዋለች፤ ፊቴን ግን አታይም። ውጭ መኪና ቆመ። ሁለታችንም እኩል ወደ በሩ ዞርን። ያኔ ፊቷን አየሁት፣ የእኔው ፍርሃት ነበረበት። መኪናው የጎረቤት ሆኖ አለፈ። ማዳም ትንፋሿን ለቀቀችና፣ የመጨረሻውን ቁልፍ ድገሚልኝ አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ በማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ስልክ ተደወለ። እህቴ ነበረች። በመኪና ጭነው ጠረፍ ድረስ እንዳመጧቸው፣ ከዚያ በእግር ተሻግረው ጋላፊ ላይ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ውሃ እንደሰጣቸውና ስልኩንም እንዳዋሳት ነገረችኝ። ድምፅዋ ሻክሯል። እኔ አለቀስኩ። ይቅር በይኝ ልላት ስሞክር አቋረጠችኝ።

"ተዪው አሁን። ምን ይላሉ እነሱ? ዜናው ምን ይላል?"

ምን እንደሚሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አባወራው አንቺ የቤታችን ልጅ ነሽ ብለዋል። ትራንዚተሩ ነገሩ በዚህ ሳምንት ይበርዳል ብሏል። አንዱንም አልነገርኳትም።

"ማዳም ማሽኑን አሳዪኝ አለችኝ" አልኳት።

ከወዲያ ሹፌሩን ትንሽ ታገሠኝ ስትለው ሰማኋት።

"ሁሉንም ቁልፍ አሳየሻት?"

"ሁሉንም።"

"እንግዲያው ልብስሽን ሰብስቢ" አለችኝ ታናሽ እህቴ። "እዚሁ ነኝ፣ እስክትመጪ የትም አልሄድም።"

ጣሪያ ላይ ወጥቼ ከተሰጣው መሀል የእኔን ብቻ ለይቼ አወረድኩ።