እትዬ ውዴ የደገሙት ክፍል

ዛሬ የዕድር ስብሰባ መስሎኝ ቁሐር ሚካኤል ያለው የአማራጭ ትምህርት ጣቢያ ዳስ ገብቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ተቀመጥሁ። መምህሯ ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ ለምዝገባ ነው?» አለችኝ። ቀና ስል ጎልማሳ ገበሬ፣ ልጅ ያዘለች እናትና ጥርሱ የወለቀ ሕፃን አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። የዳሱ እርጥብ ሣር ሸተተኝና የልጅነቴ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ።

እዚያም እንዲሁ ተቀላቅለን ነበር የምንማረው። አንደኛ የሚወጡት የልጅ ልጅ ያዩት ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ነበሩ። መጨረሻው እኔ ነኝ፤ ያንን ቦታ ሊቀማኝ የሞከረም የለ። መምህሩ እሳቸው እንዳለፉ፣ እኔ እንደወደቅሁ ሲናገር አባቴ፣ «በቃ፣ ከብቶቹን ይጠብቅ» አለ።

እትዬ ውዴ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «እንግዲያው እኔም እደግማለሁ» አሉ።

«አንደኛ ወጥተው?» አለ መምህሩ።

«ብቻውን ብተወው ከትምህርቱ ይቀራል። ደሞስ እሱ ከሌለ ማን ያስቀኛል?»

አባቴ እሳቸውን አክብሮ ትምህርቴን እንድቀጥል ፈቀደ። በዓመቱ እንደምንም አለፍሁ። በዚያው ክረምት ግን የእትዬ ውዴ ልጅ ታመመችና የልጅ ልጆቻቸውን ማሳደግ እሳቸው ላይ ወደቀ፤ ወደ ትምህርት አልተመለሱም። እኔ ጭራሽ ወረታ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ለእትዬ ውዴ ግን እስከ ዛሬ አንድ ክፍል አለብኝ።