አድነው የበየደው የሕፃን አልጋ

አልጋውን የበየደው አድነው ራሱ ነበር። በኋላ ሲያስበው ከሁሉም በላይ አንጀቱን ያሳረረው ይኸው ነው።

ትእዛዙ የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። አሠሪው ሀቢብ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተከለለች የብየዳ ቤት አለችው። ስልኩን ዘጋና እንደ ልማዱ በስዋሂሊ ፉንዲ፣ ባለሙያው፣ ብሎ ጠርቶት፣ "ፉንዲ፣ የሕፃን አልጋ ነው። ነጭ ቀለም ይቀባ ብለዋል፤ ለእሁድ ይፈልጉታል። ያንተው አገር ሰዎች ናቸው" አለው።

አድነው በር ሲሠራም ሆነ የመስኮት ፍርግርግ ሲሠራ ሰላማዊ ሰው ነው። የሕፃን አልጋ የመጣ ዕለት ግን አያናግሩትም። ብረቱን ይወረውራል፤ መዶሻው ጠፋ ብሎ ይጮኻል፤ መዶሻው እግሩ ሥር ይገኛል። ሀቢብ ይህን ጠባዩን በስድስት ዓመት ለምዶታል፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም። ቢሆንም አድነው በንዴቱ ሥራ አያበላሽም። የሕፃን ጭንቅላት እንዳይገባበት ዘንጎቹን አጠጋግቶ በየደ። ጠርዙን ሁሉ ሞረደ፤ የሚቧጥጥ ነገር እንዳይቀር መዳፉን በየዘንጉ ላይ አሳለፈ። ሲጨርስ ከተረፈው ሽቦ ትንሽ ወፍ ጠምዝዞ ራስጌው ላይ በየዳት። ወፊቱን ማንም አላዘዘውም።

አድነው አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ከሚስቱ ከየሺወርቅ ጋር የተጋቡት እዚሁ ናይሮቢ፣ ዛሬም በሚሄዱባት የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ቤተ ክርስቲያኗ አንድ ልማድ አላት። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ ከስብከት በኋላ፣ ልጅ ያልወለዱ እህቶች ወደ መድረክ ይጠራሉ። እህቶች ነው የሚባለው። ወንድሞች ተብሎ አያውቅም። ሴቶቹ ወጥተው ይሰለፋሉ፤ የጸሎት ቡድኑ ሆዳቸው ላይ እጅ ይጭናል፤ ባሎቻቸው ወንበራቸው ላይ ተደላድለው አሜን ይላሉ። የሺወርቅ ሰባት ዓመት ወጥታለች። ስትመለስ ቀሚሷን ሆዷ ላይ በመዳፏ ታስተካክልና ቁጭ ትላለች።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አድነው አሜን ይል የነበረው እያወቀ ነው። ከተማ መሃል ባለ ክሊኒክ ተመርምሮ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረና ዜሮው ላይ ጣቱን አሳረፈ። ዘር የለም። አነስተኛ ነው አላለውም፤ ጭራሽ የለም ነው ያለው። ድጋሚ ተመረመረ፤ ያው ነው። በቀዶ ጥገና ከውስጥ ተፈለገ፤ አልተገኘም። በሌላ ሰው ዘር ማርገዝ እንደሚቻል ሲነገራቸው አድነው ወንበሩን ገፍትሮ ወጣ፤ ሁለት ሳምንት ሚስቱን አላናገረም። ንዴቱ በርዶለት እሺ ሲል ደግሞ እሷ እምቢ አለች። "እስካሁን የተወጋሁት መርፌ በቃኝ። የምፈልገው ልጅ ነው እንጂ እርግዝና አይደለም" አለችው። ያኔም ዓይኗ እናቷ በሞተችባት ትንሽ ልጅ፣ በያኤል ላይ እንደነበር የገባው ዘግይቶ ነው።

ነገሩን እንደብቀው ያለችውም እሷው ነበረች። "የቤታችን ጉዳይ ነው፤ ማንን ይመለከታል?" አለች። በመጀመሪያ አመሰገናት። ከዚያ ለመደው። እየቆየ ማመስገኑንም ተወው።

አምና ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ አንድ እንግዳ አገልጋይ የሺወርቅን ከሰልፉ መካከል ለይቶ፣ "የዛሬ ዓመት ወንድ ልጅ ታቅፊያለሽ" አላት። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ያ ዓመት የሚሞላው በዚህ እሁድ ነበር።

ያኤል አራት ዓመቷ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪ የነበረች ስደተኛ እናቷ አምና ሞተች፤ አባቷ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ያስጠጋቻት የሴቶች ኅብረት መሪዋ እህት ማርታ ናት፤ ማርታ ግን የካናዳ ጉዞዋ ደርሶ ወሩ ሲያልቅ ትበራለች። ልጅቷ በማርታ የጉዞ ፋይል ላይ ስላልተመዘገበች ይዛት መሄድ አትችልም። የሚረከባት ቤተሰብ ካልተገኘ ማሳደጊያ ትገባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እነአድነው ቤት ትውላለች። እጁን ትይዝና የብየዳውን ጠባሳዎች አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች፣ አማርኛውን ከስዋሂሊ እየደባለቀች፣ "ሂ ያማል? ና ሂ?" ትለዋለች፤ ይሄ ያማል? ይሄስ? ማለቷ ነው። አያምም ይላታል። አታምነውም፤ እፍ ትልበታለች። አድነው ይህችን ልጅ ይወዳታል፤ ከወደዳትም ቆይቷል።

ያኤልን ለማሳደግ ሲያመለክቱ የመንግሥት የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ ስማቸውን መዝግባ፣ አንድ ወረቀት ብቻ ጎደላችሁ አለቻቸው፤ የሚያውቃቸው የሃይማኖት ተቋም የድጋፍ ደብዳቤ። አድነው ዓርብ ዕለት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ታዴዎስ ዘንድ ሄደ።

"ወንድም አድነው፣ ጌታ ለእናንተ የተናገረው አለ" አሉት ጋሽ ታዴዎስ። "የራሳችሁ ልጅ በር ላይ ቆሞ ሳለ የሰው ልጅ ውሰዱ ብለን ብንፈርም ቃሉን ተጠራጠርን ማለት ነው። ማኅተም አላደርግም።"

"ልጅቷ ጊዜ የላትም፣ ጋሼ። ማርታ መሄዷ ነው።"

"ልጅቷን ጌታ ያስብላታል። እህታችን የሺወርቅ እምነቷን ታጠንክር፤ ችግሩ እዚያ ጋ ነው።"

ችግሩ እኔ ጋ ነው ሊላቸው አፉን ከፈተ። ግን "እሺ፣ ጋሼ" ብሎ ወጣ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ጋሽ ታዴዎስን በልቡ ሰደበ፤ ትንቢተኛውን ሰደበ፤ መልስ ያዘገየውን የማታቱ፣ የሚኒባስ ታክሲው፣ ረዳት ደግሞ አፍ አውጥቶ ሰደበ። ስድቡ ለማን እንደሚገባ ጠፍቶት አይደለም።

የሺወርቅ ልብስ ከገመድ እያወረደች ነበር።

"ነገርካቸው?"

"አልነገርኳቸውም።"

"ምን አሉ?"

"እምነቷን ታጠንክር አሉ።"

ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ ነበር። ልብሱን ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችና ዞረች። "ሰባት ዓመት ሆዴን ለሰው ሰጠሁ፣ አድነው። ስንት እጅ እንደነካው ታውቃለህ? ማርታ የደበቅሽው ኃጢአት አለ ብላ ንስሐ አስገብታኛለች። በልጅነትሽ አስወርደሽ ይሆን ብለው ጠይቀውኛል። ያንተን ስም ላለማንሳት ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ለያኤል ግን ዝም አልልም። እሁድ ሲጠሩኝ ከወንበሬ አልነሳም። ብትነሳ ተነሳ። ካልተነሳህ ልጅቷን ያሳጣኸን አንተ ነህ፤ ያንተን ገመናም ከእንግዲህ አልሸከምልህም።"

ስለማስወረዱ እንደጠየቋት እስከዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር። ደሙ ፈላ፤ ሄዶ አንድ ሰው መደብደብ አማረው፤ የሚደበድበውን ሰው ሲፈልግ ግን ዞሮ ዞሮ የሚያገኘው ራሱን ነው።

እሁድ ከስብከቱ በኋላ ሁለት ወጣቶች በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ተሸክመው መድረኩ ላይ አስቀመጡ። እህት ማርታ ማይኩን ይዛ፣ ዓመቱ ዛሬ መሙላቱን፣ እህቶች በእምነት አዋጥተው ስጦታ ማዘጋጀታቸውን ተናገረችና ጨርቁን ገለጠችው። ነጭ የሕፃን አልጋ። ራስጌው ላይ የሽቦ ወፍ።

አድነው ወፊቱን አወቃት። ሐሙስ ሙሉ ቀን የሞረደው፣ እየረገመ የቀባው፣ ለራሱ ኖሯል።

"እህት የሺወርቅ፣ ነይ ውጪ" አለች ማርታ።

የሺወርቅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ ቁጭ አለች። ደግመው ጠሯት። ከኋላ ያለችው ሴት ትከሻዋን ነካ ነካ አደረገቻት። ለሦስተኛ ጊዜ ጠሯት። ያኤል በሁለቱ ወንበሮች መካከል መሬት ላይ ተቀምጣ የአድነውን የጫማ ክር እየፈታች ነበር። አድነው እግሩን በቀስታ ከእጇ አላቀቀና፣ ክሩ እንደተፈታ፣ ተነሥቶ ወደ መድረኩ ወጣ።

ማይኩን ከማርታ እጅ ወሰደ። "ይህን አልጋ የበየድኩት እኔ ነኝ። ለራሴ መሆኑን የነገረኝ የለም" አለ። አንዳንዶች ሳቁ፤ አሜን ያለም አለ። "ያቺ ሴት ምንም የለባትም። ዘር የሌለኝ እኔ ነኝ። ሐኪም ካረጋገጠልኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሆዷን ስትነኩ፣ ኃጢአቷን ስትፈልጉ፣ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ አሜን እል ነበር።"

ጋሽ ታዴዎስ ብድግ ብለው ማይኩን ተቀበሉት። "ወንድማችን በስሜት ነው የተናገረው። እንጸልይ። እህት የሺወርቅ፣ እስቲ አንቺም ነይ ውጪ።"

እንደገና እሷን ጠሩ። ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ።

"እሷን ተዉአት!" አለ አድነው፤ ማይክ አላስፈለገውም። "መጸለይ ከሆነ እዚህ ቆሜያለሁ። በእኔ ላይ ጸልዩ።"

የጸሎት ቡድኑ ቀረበ። እጆቻቸው በልማድ ወደ ሆዱ ተዘረጉና አየር ላይ ቆሙ። ወንድን ለዚህ ነገር የት ጋ እንደሚይዙት የሚያውቅ አልነበረም። ተያዩ። በመጨረሻ መንገደኛ እንደሚሸኝ ሰው ትከሻውን ያዙት። አንድ ሰው ከኋላ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አድነው ፊቱ ጋለ፤ ቢሆንም ዓይኑን አልጨፈነም። ሰባት ዓመት የሺወርቅ እዚህ ቦታ ቆማ ምን እንደምታይ አየ፤ የባሎችን ረድፍ ነው የምታየው።

ጸሎቱ ሲያበቃ፣ "አመሰግናለሁ። አሁን ደብዳቤውን ጻፉልኝ" አለ።

ጻፉለት። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ነው። ከመካከላቸው አንዱ ትንቢቱ ወንድ ልጅ ስለሚል ሴት ልጅ ብትመጣ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠይቋል፤ የጠየቀው አዋቂ ሰው ነው። ሌሎች ደግሞ የሺወርቅን መንገድ ላይ ይዘው፣ እንዴት ባልሽን በአደባባይ ታዋርጂዋለሽ ብለው ወቅሰዋታል። ሰባት ዓመት እሷ ስትዋረድ ግን ማንም ማንንም አልወቀሰም።

ማክሰኞ ጋሽ ታዴዎስ ደብዳቤውን ማኅተም ከማድረጋቸው በፊት አነበቡለት። መልካም ምግባር፣ የተረጋጋ ትዳር፣ የታወቀ ሥራ፣ ሁሉም አለበት። መጨረሻው ላይ፣ "እህት የሺወርቅ ልጅ መውለድ ባለመቻሏ" ይላል።

"ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?"

ጋሽ ታዴዎስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰው እጅ የሚገባ ወረቀት ነው፣ ልጄ። ስምህን ልሸፍንልህ ብዬ ነው።"

በቅንነት ነው ያሉት። አድነውን ይበልጥ ያናደደው ቅንነታቸው ነው። እሱም ሦስት ዓመት በዚሁ ቅንነት ተጠቅልሎ ሲኖር ነበር።

"የእኔን ስም ያስገቡበት" አለ።

"አድነው..."

"የእኔን ስም ያስገቡበት፣ ጋሼ። እጠብቃለሁ።"

ጠበቀ። ወንበር ሰጡት፤ አልተቀመጠም። ተስተካክሎ ሲታተም ቃል በቃል አነበበው፤ ማኅተሙ ሲያርፍበት አየና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ረቡዕ አልጋውን ወደ ሀቢብ ቤት መልሶ አመጣው። የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ ዓርብ ቤታቸውን ልታይ ትመጣለች። አልጋውን መሃል ለመሃል ለሁለት ቆረጠና አርባ ሳንቲሜትር የሚያረዝሙ ብረቶች ለካ። ሀቢብ ሻዩን ይዞ ቆሞ አየው።

"ፉንዲ፣ ሰዎችህ አልወደዱትም እንዴ?"

"ወደውታል።"

"ታዲያ ጤነኛውን አልጋ ምን አድርጎህ ነው የምትቆርጠው?"

አድነው ብረቱን ጫፍ ለጫፍ ገጠመና የብየዳ መነጽሩን አነሣ። "ልጄ አራት ዓመቷ ነው" አለ። "እግሯን መዘርጋት አለባት።"